አላሜዳ ደሴት ላይ የቆየ ቤት መግዛት፦ የምታውቁ እስቲ ምከሩን

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ተከራይተን ነው የምንኖረው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ባለቤቴ ኤርፖርት ይሠራል። ልጆቹ አደጉ፣ ባለ ሁለት መኝታው አፓርታማ ጠበበን። ቤት ልንገዛ ቆርጠናል። ዐይናችን ያረፈው አላሜዳ ላይ ነው።

ለማታውቋት፣ አላሜዳ ከኦክላንድ በጠባብ ውሃ ብቻ የተለየች ደሴት ናት። ድልድዩን ሲሻገሩ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። መንገዱ ዳርና ዳር ትልልቅ ዛፍ ነው። ልጆች በብስክሌት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ቤቶቹ ያረጁ ናቸው፣ ግን ተይዘዋል፤ ቀለማቸው ራሱ ያምራል። የማታ ፈረቃ ሠርቶ ቀን ለሚተኛ ሰው ጸጥታ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ያየነው ቤት በፈረንጆቹ በ1890ዎቹ የተሠራ ነው። ከባህሩ ዳርቻ በእግር ይደረሳል። ከፍ ያለ የፊት ደረጃ አለው፤ በረንዳው ላይ የተጠረበ የእንጨት ጌጥ፣ ውስጡ ረጅም ጣሪያ። ከሥሩ ደግሞ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ምድር ቤት አለ። ዋጋው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ አቅማችንም እዚያው ጫፍ ላይ ነው።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ። እንዲህ ያረጀ ቤት ገንዘብ ይበላል ወይስ ይኖሩበታል? ውሃውና የመሬት መንቀጥቀጡ ያሰጋል? ከዳውን ፔይመንታችን (ከቅድመ ክፍያችን) ግማሹ ከዕቁብ የሚወጣ ነው፤ ባንክ ይቀበለዋል? ደግሞስ እንግዳና ድግስ የሚበዛበት ያበሻ ቤት በእንዲህ ያለ ሰፈር ይመቸዋል?

የደሴቷ ነዋሪ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እዚህ ልጆች አሳድጌያለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ጸጥታው እውነት ነው። ምክንያትም አለው። በደሴቷ መሃል የሚያቋርጥ ፍሪዌይ የለም። ከሞላ ጎደል በሁሉም መንገድ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 25 ማይል ነው፤ ፖሊሱም አይምርም። ወደ ደሴቷ የሚመጣው እዚህ ጉዳይ ያለው ሰው ብቻ ነው። በመንገድ ላይ ያለ፣ ወደ ሌላ ቦታ አቋርጦ የሚያልፍ መኪና የለም።

ዋጋውም እዚያው ውስጥ ነው። መግቢያዎቹ ጥቂት ናቸው። ከኦክላንድ መሃል ከተማ በውሃው ሥር የሚያልፉ ሁለት ዋሻዎች አሉ፤ አንዱ በ1928፣ ሌላው በ1963 የተከፈተ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የፓርክ ስትሪት፣ የፍሩትቬልና የሃይ ስትሪት ድልድዮች። ጀልባ ሲመጣ ድልድዩ ይነሳል፤ አንቺ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። ጠዋት ዋሻው ጋ ያለው ሰልፍ ነርስን የሚያስረፍድ ነው። ፈረቃ በሚለወጥበት ሰዓት አንድ ቀን ነድተሽ ሞክሪው።

ሳን ፍራንሲስኮ የሚሠራ ሰው ግን የታደለ ነው። ጀልባው 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጅበት። በ2021 ደግሞ በቀድሞው የባህር ኃይል ሰፈር በኩል ሲፕሌን ላጉን የሚባለው አዲሱ መሳፈሪያ ተከፍቷል።

ስለ ድግሱ አትጨነቂ። ክርስትናም ምረቃም ደግሰናል። ጎረቤትን ቀደም ብሎ ማስታወቅና በማግስቱ ድፎ ዳቦ ቆርሶ መላክ ነው። ችግሩ መኪና ማቆሚያ ነው። የቆዩት ቤቶች ብዙዎቹ ጋራዥ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆን የዘመኑ መኪና አይገባበትም። ለቤተ ክርስቲያን ኦክላንድ ኮረብታው ላይ ወዳለው መድኃኔዓለም በመኪና ትወጫለሽ። እንጀራም ቅመምም ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ነው። ደሴቷ ላይ ያበሻ ሰው አለ፣ ግን ደጅ ወጥተሽ የምትሰሚው አማርኛ እንደ ኦክላንድ አይበዛም። ይህን ለልጆቹም ለራስሽም አስቢበት።

ከሰዓት በኋላ ከባህሩ የሚመጣው ነፋስ ብርድ አለው። በጋ ነው ብለሽ ቀሚስ ብቻ ለብሰሽ ባህር ዳር አትውረጂ።

አናጢው

ሥራዬ የቆዩ ቤቶችን መሠረት መጠገን ነው። እዚያች ደሴት ላይ በብዙ ቤት ሥር በሆዴ ተስቤያለሁ። ስለዚህ የኔን ምክር ከበረንዳው ጌጥ አስቀድሚው።

በ1890ዎቹ የተሠራ ቤት መሠረቱ ብዙ ጊዜ ጡብ ነው። የዚያ ዘመን ጡብ የተያያዘው በሲሚንቶ ሳይሆን በኖራና በአሸዋ ነው። ምድር ቤቱ ስላለ በቀላሉ ታዪዋለሽ። ባትሪ ያዢ፤ ግድግዳው ሥር ሂጂ። በጡቦቹ መካከል ያለውን ማያያዣ በካቻቪቴ ጫፍ ጫር አድርጊው። እንደ ስኳር ከረገፈ መሠረቱ አልቋል ማለት ነው። ነጭ የጨው ዱቄት ካየሽበት ደግሞ እርጥበት ከመሬት ወደ ላይ እየሳበ ነው።

ቀጥሎ ከመሠረቱ ላይ የተጋደመውን ወፍራም እንጨት እዪ። ቤቱ ሁሉ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው። በቡሎን ከመሠረቱ ጋር ታስሯል ወይስ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው? በብዙ አሮጌ ቤት ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው። መሬት ሲናወጥ ቤቱ ከመሠረቱ ተንሸራቶ ይወርዳል። ከዚያ በላይ፣ እስከ አንደኛው ፎቅ ወለል ድረስ ያለውን አጭር የእንጨት ግድግዳ እዪ። ከውስጥ በኮምፔንሳቶ ካልተለበጠ በመናወጡ ጊዜ ወደ ጎን ይተኛል። ያንቺ ዓይነቱ ከፍ ያለ የፊት ደረጃ ያለው ቤት ላይ ደግሞ ያ ግድግዳ ረጅም ነው። ረጅም ሲሆን አደጋውም ይጨምራል፤ ሥራውም የመሐንዲስ ሥዕል ይፈልጋል።

መሠረቱ ደህና ከሆነ ቡሎንና ኮምፔንሳቶ ብዙ የሚያስፈራ ወጪ አይደለም። ብሬስ ኤንድ ቦልት የሚባል የካሊፎርኒያ ፕሮግራም አለ፤ ለተመረጡ አካባቢዎች ቤቶች እስከ 3,000 ዶላር ድጋፍ ይሰጣል። ምዝገባው ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ሲከፈት መጠበቅ ነው። መሠረቱ ራሱ ይለወጥ ከተባለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቤቱን በጃክ አንስቶ አዲስ ኮንክሪት ማፍሰስ ነው። ያንን ገንዘብ ከዋጋው ላይ ቀንሰሽ ነው ኦፈር (የመግዣ ዋጋ) ማቅረብ ያለብሽ።

ወደ ላይ ስትወጪ የልጅሽን ብይ ይዘሽ ሂጂ። ወለሉ ላይ አስቀምጪው። በየክፍሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚንከባለል ከሆነ አቅጣጫውን ጻፊ፤ ለመሐንዲሱ ይጠቅማል። ትንሽ ማዘንበል ያረጀ ቤት ሁሉ አለው። በሮች ከላይ በሰያፍ ተቆርጠው እንዲዘጉ የተደረጉ ከሆነ ግን ጠይቂ።

ኤሌክትሪኩም አለ። በሸክላ መያዣዎች ላይ የተወጠሩ አሮጌ ሽቦዎች ጣሪያ ሥር ካሉ አንዳንድ ኢንሹራንስ ጨርሶ አይቀበልሽም። ቀለሙ ደግሞ ከ1978 በፊት ላለ ቤት ሁሉ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት (እርሳስ) አለበት ብለሽ ተነሺ። ትንንሽ ልጆች ካሉሽ መስኮቶቹ የሚንሸራተቱበትን መስመር እይ፤ አቧራው የሚወጣው እዚያ ጋ ነው።

የሁለት ልጆች እናት

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብዩን በእርግጥ ይዤ እሄዳለሁ። ምድር ቤቱን ስናይ ሪልተሯ (ደላላዋ) «አዲስ ቀለም ተቀብቷል» ብላ ነበር ያሳየችን። ጡቡን ራሱን አላየነውም፤ ግድግዳው ሁሉ ነጭ ነው።

አናጢው

ለሽያጭ ሲባል በአዲስ ቀለም የተሸፈነ የምድር ቤት ግድግዳ ካለ፣ ማዕዘኖቹን ነው የማየው። ቀለሙ ከታች በኩል አብጦ ወይም ተልጦ ከሆነ ከኋላው እርጥበት አለ። ያለ መሠረት መሐንዲስ ፈርሚ ቢሉሽ እሺ እንዳትይ። ተራው ኢንስፔክተር ብቻ አይበቃም።

ሳክራሜንቶ ገባን

እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ልናገር። ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ የመቶ ሠላሳ ዓመት ቤት መጠገን አይዋጥልኝም። እኛ በዚያ ዋጋ ግማሽ፣ ሳክራሜንቶ አጠገብ ኤልክ ግሮቭ አዲስ ቤት ገዛን። አራት መኝታ፣ ሁለት ጋራዥ፣ ግቢ። ጎመንና ቃሪያ እተክላለሁ። መሠረቱን ማየት አላስፈለገኝም። ለልጆች ኮሌጅ የሚቀመጥ ገንዘብ ተረፈን። እህቴ፣ ሰፈር ማማር ብቻውን ዕዳ አይከፍልም።

የደሴቷ ነዋሪ

ወንድሜ ልክ ነህ፣ ለናንተ ሠርቷል። እሷ ግን ሥራዋ ኦክላንድ ነው፣ የባሏም ኤርፖርት። ከኤልክ ግሮቭ በየቀኑ ስንት ሰዓት መንገድ ላይ ሊያልፍ ነው? እናትና አባት ቤት የሌሉበት ትልቅ ቤት ለልጆች ምን ይሠራል? እኔ ይህንን ነው የማስበው።

ሳክራሜንቶ ገባን

ነርስ እዚህም ይፈለጋል። ሥራ መቀየርም አንድ አማራጭ ነው ለማለት ነው እንጂ ላስከፋት አይደለም።

የብድር ሰው

ሞርጌጅ ላይ ነው የምሠራው። የዕቁቡን ነገር ልመልስ፤ ብዙ ሰዎቻችን የሚደናቀፉት እዚህ ጋ ስለሆነ።

አበዳሪው የመጨረሻዎቹን የሁለት ወር የባንክ መግለጫዎች ይጠይቃል። እዚያ ውስጥ ከደመወዝ ውጭ ትልቅ ገንዘብ ድንገት ከገባ «ከየት መጣ?» ይላል። ማስረዳት ካልቻልሽ ገንዘቡን አይቆጥርልሽም። ዕቁብ ሕገ ወጥ ነገር አይደለም፤ ችግሩ ወረቀት የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ዕጣችሁ ቀደም ብሎ ይውጣ። በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በቼክ ወይም በባንክ ይተላለፍላችሁ። ሒሳባችሁ ውስጥ ገብቶ ሁለት ወር ከከረመ በኋላ ማመልከቻ አስገቡ። በየወሩ የከፈላችሁበትን ማስረጃም ያዙ። ዳኛው የአባላቱን ዝርዝርና የክፍያውን ተራ በጽሑፍ ቢሰጣችሁ በጣም ይረዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። «ዘመድ የሰጠን ስጦታ ነው በሉ» የሚላችሁ አይጠፋም። አታድርጉት። የስጦታ ደብዳቤ ፈርሞ መዋሸት በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ደግሞም ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገና የሚከፍለው አለበት። ያ ዕዳ ነው። የወሩን አቅማችሁን ስታሰሉ አብራችሁ ቁጠሩት፤ ለአበዳሪውም አትደብቁ።

ሌላው፣ በ2025 በአላሜዳ ካውንቲ ለአንድ ቤተሰብ ቤት መደበኛው የብድር ጣሪያ 1,209,750 ዶላር ነበር። ብድራችሁ ከጣሪያው በታች ከሆነ መመዘኛው ይቀላል። ጣሪያው በየዓመቱ ስለሚለወጥ ስታመለክቱ የዓመቱን ጠይቁ።

ድሪም ፎር ኦል የሚባለውንም ጠይቁ። ካሊፎርኒያ በ2023 የጀመረችው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ለዳውን ፔይመንት እስከ 20 በመቶ ያበድራል፤ ቤቱ ሲሸጥ ብድሩንና ከጨመረው ዋጋ ድርሻውን ይወስዳል። የመጀመሪያው ገንዘብ በቀናት ውስጥ ነው ያለቀው፤ ከዚያ በኋላ በዕጣ ሆነ። የገዢው ወላጆች የቤት ባለቤት አለመሆናቸውን እንደ መመዘኛ ይጠይቃል። የገቢ ጣሪያም አለው፤ ሁለት ደመወዝ ካላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ።

ታክሱ ያስደነገጠን

እኔም ልጨምር። ሻጩ አሁን የሚከፍለውን ፕሮፐርቲ ታክስ (የቤት ግብር) አይታችሁ እንዳትሸወዱ። በ1978 በወጣው ፕሮፖዚሽን 13 መሠረት ታክሱ የሚሰላው በተገዛበት ዋጋ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አይጨምርም። ስለዚህ ከ40 ዓመት በፊት የገዛው ሽማግሌ የሚከፍለው እዚህ ግባ የማይባል ነው። እናንተ ስትገዙ እንደ አዲስ ይሰላል። 1.2 ሚሊዮን ብትገዙ መነሻው በዓመት 12,000 ዶላር ነው። በሕዝብ ድምፅ የጸደቁ የቦንድና የትምህርት ቤት ክፍያዎች በላዩ ይደመራሉ።

ከገዛችሁ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ተጨማሪ የታክስ ቢል በፖስታ ይመጣል። የድሮውና የአዲሱ ግምት ልዩነት ነው። ባንኩ ከወርሃዊ ክፍያችሁ ላይ አይከፍለውም፤ በቀጥታ ለናንተ ነው የሚመጣው። ገንዘብ አስቀምጡለት።

ክሎዚንግ ላይ፣ ቤቱ በስማችሁ ሲዛወር፣ የከተማው የዝውውር ታክስ አለ። አላሜዳ ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር 12 ዶላር ትወስዳለች። በ1.2 ሚሊዮን 14,400 ዶላር ማለት ነው። ልማዱ ገዢና ሻጭ እኩል መካፈል ነው፤ ግን በስምምነት ስለሆነ ኦፈሩ ላይ ይጻፍ።

ደስ የሚለው ነገር መብራቱ ነው። ደሴቷ የራሷ የመብራት ድርጅት አላት፤ ከ1887 ጀምሮ የከተማው ንብረት ነው። ከኦክላንድ ቢላችን ጋር ሳወዳድረው ልዩነቱ ደስ ያሰኛል።

ታሪክ ወዳድ

ስለ መሬቱ ማንም አልተናገረም፤ ዋናው ግን እሱ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

አላሜዳ ድሮ ደሴት አልነበረችም። ከኦክላንድ ጋር የተያያዘች፣ በኦክ ዛፍ የተሸፈነች የመሬት ምላስ ነበረች። በ1902 በምሥራቅ በኩል ያለው ቦይ ተቆፍሮ አለቀ፤ ያኔ ደሴት ሆነች። ከዚያ በፊት በ1869፣ አገር አቋርጦ የመጣው የመጀመሪያው ባቡር መጨረሻው እዚህ ነበር። ሀብታሞቹ የሳን ፍራንሲስኮ ነጋዴዎች በደቡብ በኩል በባህሩ ዳር ትልልቅ ቤቶች ሠሩ። ጎልድ ኮስት የሚባለው ሰፈር እሱ ነው። የቤቶቹ የኋላ ግቢ ቀጥታ ባህር ነበር።

በ1950ዎቹ ያ ባህር ተሞላ። አሸዋ ከባህር ወለል እየተቆፈረ ተደፋ፤ በላዩ ሳውዝ ሾር የሚባሉት አዳዲስ ቤቶችና የገበያ ማዕከል ተሠሩ። ጎልድ ኮስቶቹ ከኋላቸው ሐይቅ መሰል ቦይ ብቻ ቀረላቸው። ባህሩን ለማየት አሁን ጥቂት ብሎኮች መሄድ አለባቸው። ዛሬ ልጆች የሚሮጡበት የክራውን ቢች አሸዋም በሰው እጅ የመጣ ነው።

ይህን የምነግርሽ ለምን መሰለሽ? ቤቱ አሮጌ መሆኑ አንድ መልካም ነገር አለው። የ1890ዎቹ ሰዎች ቤት የሠሩት ከጥንትም መሬት በነበረው ላይ ነው። በኋላ የተሞላው ቦታ ላይ ያሉት ቤቶች ናቸው በይበልጥ የሚያሰጉት። ውሃ የጠገበ ልል አሸዋ ሲናወጥ ጥንካሬውን ያጣና ይፈስሳል። በ1989 የሎማ ፕሪየታ መንቀጥቀጥ ጊዜ የባህር ኃይሉ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ የተሰነጠቀውና አሸዋ ከሥሩ ፈንድቶ የወጣው ለዚህ ነው። ያ ሜዳ የተሠራው በተሞላ መሬት ላይ ነበር። የመንቀጥቀጡ መነሻ ደግሞ ሩቅ፣ ሳንታ ክሩዝ ተራሮች ውስጥ ነበር። ሄይዋርድ የሚባለው ስንጥቅ ግን እዚሁ ኦክላንድ ኮረብታ ሥር ነው። ለመጨረሻ ጊዜ በኃይል የተንቀሳቀሰው በ1868 ነው።

ሻጩ የተፈጥሮ አደጋ መግለጫ የመስጠት ግዴታ አለበት። የቤቱ ቦታ በካርታው ላይ የት እንደሚወድቅ እዚያ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ሙሉውን አንብቢው።

ስለ ጸጥታውም አንድ ነገር ልበል። ጸጥታው ከሰማይ አልወረደም። በ1960ዎቹ የቆዩት ቤቶች እየፈረሱ ሳጥን መሳይ አፓርታማ ይሠራባቸው ነበር። ሕዝቡ በ1973 መዠር ኤ የሚባለውን የከተማ ሕግ በድምፁ አጸደቀ፤ ከሁለት ቤተሰብ በላይ የሚይዝ አዲስ ሕንፃ ተከለከለ። ቤቶቹን ያዳነው ይህ ነው። ያንኑ ያህል ደግሞ ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው እንዳይገባ በሩን አጠበበ። በ2020 ለመሻር ድምፅ ተሰጥቶ ሳይሳካ ቀረ። አሁን ግን የስቴቱ ሕግ እያስገደደ ስለሆነ፣ በተለይ በቀድሞው የጦር ሰፈር በኩል ብዙ ቤት እየተሠራ ነው። ያ ሰፈር በ1997 ተዘግቶ ነው ለከተማው የተረፈው።

በ1942 መጀመሪያ ላይ ጃፓን የተወለዱ ነዋሪዎች የጦር ሰፈር አጠገብ ናችሁ ተብለው ከደሴቷ እንዲወጡ መታዘዛቸውንም የሚያውቅ ጥቂት ነው። እነዚያን ያማሩ መንገዶች ስሄድባቸው ይህን አስባለሁ። ዛሬ የኛ ልጆች እዚያ በብስክሌት ሲሄዱ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የሁለት ልጆች እናት

ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የምንኖርበትን ቦታ ታሪክ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ለልጆቼም እነግራቸዋለሁ።

የጎርፍ ኢንሹራንስስ? ባሕሩ ቅርብ ነው።

የብድር ሰው

በፌዴራል የጎርፍ ካርታ ላይ ከፍተኛ አደጋ ያለበት ቦታ ውስጥ ከወደቀ አበዳሪው የጎርፍ ኢንሹራንስ ያስገድዳል። ውጭ ከሆነ በፈቃድ ነው። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ግን ጎርፍንም የመሬት መንቀጥቀጥንም አይሸፍንም። ሁለቱም ለየብቻ ይገዛሉ።

የመሬት መንቀጥቀጡን ስትገዙ ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም መጀመሪያ ከኪሳችሁ የሚወጣውን፣ እዩ። ከ5 እስከ 25 በመቶ ነው የሚሆነው። የቤቱ ሽፋን 600,000 ቢሆንና 15 በመቶ ብትመርጡ፣ የመጀመሪያውን 90,000 ዶላር የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ። ለዚህ ነው ጋሼ አናጢው የሚሉት ቡሎን ከኢንሹራንሱ ይቀድማል የምለው።

ታሪክ ወዳድ

የባሕሩ ነገር ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው። የባሕሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ከመሬት በታች ያለው ውሃም ወደ ላይ ይገፋል። ደሴቷ ዝቅተኛ ናት፤ ግንብ ብትሠሪ ከሥር የሚመጣውን አያቆመውም። ምድር ቤት ያለው ቤት መጀመሪያ የሚያውቀው እሱን ነው። ክረምት ላይ፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሄደሽ ምድር ቤቱን አሽትቺ።

ቱቦ ያስቀየርን

የፍሳሹን ቱቦ ማንም አላነሳም! ከቤቱ የሚወጣው ቱቦ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። በሽያጭ ጊዜ የውሃ ድርጅቱ የሚሰጠው የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ቱቦው ተፈትሾ አያፈስም መባል አለበት። ሙሉ በሙሉ ከተቀየረ ወረቀቱ ለ20 ዓመት ያገለግላል። ተጠግኖ ካለፈ ለ7 ዓመት ነው።

የኛ አሮጌ የሸክላ ቱቦ ነበር። የመንገዱ ዛፍ ሥር ገብቶበት ነበር። ካሜራ ሲያስገቡ ሥሩ እንደ ጸጉር ተንጠልጥሎ አየነው። ሻጩ ሳይሠራ ለገዢ ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ስለዚህ ኦፈር ከማቅረባችሁ በፊት ወረቀቱ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ማን ይከፍላል የሚለው በጽሑፍ ይሁን።

ሌላው ፈቃድ ነው። ከኛ በፊት የነበረው ባለቤት ምድር ቤቱን ያለ ፈቃድ መኝታ ክፍል አድርጎት ነበር። ለማከራየት ስንነሳ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መውጫ መስኮቱም ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ለመውጫ የሚሆን መስኮት ከሌለው መኝታ ክፍል ተብሎ አይቆጠርም። እህቴ ምድር ቤቱን አከራይቼ ብድሩን እደግፋለሁ ብለሽ እያሰብሽ ከሆነ፣ የከተማውን የፈቃድ መዝገብ አስቀድመሽ እዪ። ከ1942 በፊት የተሠራ ቤት ደግሞ ማፍረስ ያለ ልዩ ፈቃድ አይቻልም። ከመንገድ የሚታየውን መስኮትም እንደ ልባችሁ በፕላስቲክ መቀየር የለም፤ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ።

ተከራይ ነኝ

ዌብስተር ስትሪት በኩል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ለመግዛት ከመቸኮላችሁ በፊት ለአንድ ዓመት እዚያው ብትከራዩስ? የትኛው መንገድ ላይ ነፋሱ እንደሚበረታ፣ የት ጋ የአውሮፕላን ድምፅ እንደሚሰማ ኖሮ ነው የሚታወቀው። ቤይ ፋርም በሚባለው የአላሜዳ ሰፈር በኩል ኤርፖርቱ ቅርብ ነው። ለባልሽ ሥራ ይመቻል፤ ቀን ለምትተኚው ላንቺ ግን እንጃ።

የሁለት ልጆች እናት

አስበንበት ነበር። ግን ሁለት ጊዜ ዕቃ ማጓጓዝና ልጆቹን ትምህርት ቤት ማዘዋወር ከበደን። ትንሿ ለአንደኛ ክፍል ደርሳለች።

የሁለት ልጆች እናት

ለመከራችሁን ሁሉ የደረስንበትን ልንገራችሁ።

የመሠረት መሐንዲስ ወሰድን። ጋሼ አናጢው እንዳሉት ነው፤ ነጩ ቀለም ከታች ተልጧል። መሐንዲሱ ጥጉ ላይ ጫር ሲያደርገው የኖራው አሸዋ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ቡሎን የለም። ብዩ ከሳሎን እስከ ጓዳ ድረስ ብቻውን ሄደ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔና ባለቤቴ ተያየን። ሻጮቹ ዋጋ አንቀንስም፣ ሌሎች ኦፈሮች አሉ ብለዋል። ስለዚህ ትተነዋል። በረንዳውን ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም።

ደሴቷን ግን አልተውናትም። ወደ ዌስት ኤንድ፣ ወደ ደሴቷ ምዕራብ፣ በኩል ባለ አንድ ፎቅ፣ በ1920ዎቹ የተሠራ ትንሽ ቤት አይተናል። ሁለት መኝታ ብቻ ነው፤ ጓሮው ግን ሰፊ ነው። ወደፊት ከኋላ አንድ ክፍል ለመሥራት ቦታ አለው። የፍሳሹ ወረቀት አለ፤ የ20 ዓመቱ ነው። መሠረቱ ኮንክሪት ነው። ዕቁባችን በሚቀጥለው ወር ይወጣል፤ በባንክ እንዲገባልን ዳኛዋ ተስማምታለች።

ጋሼ፣ ኮንክሪት ከሆነ ይበቃል? ወይስ እሱም የሚታይ ነገር አለው?

አናጢው

አለው ልጄ። የ1920ዎቹ ኮንክሪት ብዙ ጊዜ ፌሮ የለውም። አንዳንዱም ባልታጠበ የባህር አሸዋ የተቦካ ስለሆነ በጨው ይበላል። በመዶሻ ቀስ ብለሽ ምቺው። ድምፁ ጠንካራና ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው። የታፈነ ሆኖ ከተሰማሽ ወይም ጠጠሩ ከተለቀቀ ችግር አለው። ስንጥቅ ካየሽ ስፋቱን ለኪ፤ ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ ለመሐንዲሱ አሳይው። ባለ አንድ ፎቅና ዝቅ ያለ መሆኑ ግን ትልቅ ጥቅም ነው። አጭሩ ግድግዳ አጭር ስለሆነ ቡሎንና ኮምፔንሳቶው ቶሎ ያልቃል።

የመሐንዲሱን ሪፖርት ስታገኚ ስምና አድራሻውን አጥፍተሽ እዚሁ ለጥፊው። አነበዋለሁ።

የብድር ሰው

ዕቁቡ ገብቶ ሁለት ወር እስኪሞላው ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፤ ዋናው ማመልከቻ በኋላ ቢሆንም ቅድመ ፈቃዱን አሁኑኑ ጀምሩ። በዚህ መሃል መኪና በዱቤ እንዳትገዙ፣ አዲስ ክሬዲት ካርድም እንዳትከፍቱ።